የአትራክታ ፖድካስትና የፊት በሩ

አትራክታ ካሰርሊ የአየርላንድን ታሪክ የምትናገረው ፎጣ መሃል ተቀምጣ ነው። ፎቅ ላይ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት፣ የሙቅ ውሃ ጋኑ የቆመበት ቁምሳጥን አለ፤ ዝናብ በማያባራበት በዚህ አገር የታጠበ አንሶላና ፎጣ እርጥበቱ እንዲለቀው የሚደረደረው እዚያ ውስጥ ነው። አትራክታ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ጋኑ እንዳያጉረመርም ማሞቂያውን ታጠፋለች፤ ከታችኛው መደርደሪያ ብርድ ልብሶቹን አውጥታ በምትካቸው አጭር በርጩማ ታስገባለች፤ ማይክሮፎኗን ፎጣ ላይ ታስደግፍና በሩን ከውስጥ ትስበዋለች። ከዚያ ድምፅዋ ይመጣል፦ «ካሮሚን ስትናገር፣ ክፍል አርባ ሁለት።»

እኔ በዚያ ቤት አራት ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ስላይጎ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ እማር ነበር፤ ማክሰኞ ትምህርት ስላልነበረኝ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የአገሩን ታሪክ በቁምሳጥን በር ስንጥቅ እሰማ ነበር። እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ነገር ነው። ከታጠፉ ፎጣዎች መሃል የወጣ የአንዲት ጡረተኛ ድምፅ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ ቦስተን ይደርሳል፤ አውስትራሊያ ፐርዝ ይደርሳል። እዚያ ሲረል የሚባል ሰው የበግ ሱፍ እየሸለተ ያዳምጠዋል። ሲረል በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፍላት ስለነበር ነው ሱፉን ያወቅኩት።

በካሮሚን መንደር ሰው አንቱ የሚባለው ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ አትራክታ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ቢሆንም እኔም እንደ መንደሩ አንቺ እላት ነበር።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራችው ሮስኮሞን ውስጥ፣ የመኪና ዓመታዊ ግብር በሚከፈልበት መስኮት ነው። በመስታወቱ ክብ ቀዳዳ በኩል «ይሄኛው ቅጽ አይደለም» ስትል የኖረች ሴት ናት። በአውራጃው ውስጥ መኪና ያለው ወንድ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ፈርቷታል። አላገባችም። ጡረታ ስትወጣ የብርጭቆ ሳህንና ሁሉም የፈረመበት ካርድ ሰጧት፤ የብርጭቆ ሳህኑ ውስጥ አሁን ባትሪ ታስቀምጥበታለች።

ጡረታ በወጣች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ፣ ከደብሊን የሚተላለፍ ፖድካስት ከፈተች። ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስቃል። ከእንግሊዝ ጋር ስለተደረገው ጦርነት ሲያወሩ አውራጃ በአውራጃ እየሄዱ እሷ ዘንድ ደረሱ። «ሮስኮሞን ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የሚወራ ነገር አልነበረም» አለ አንዱ፤ ሌላው ሳቀ፤ ወደ ኮርክ አለፉ። አትራክታ ቢላዋውን ድንቹ ላይ እንደተሰካ አስቀመጠችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ክፍል ወጣ። ርዝመቱ አርባ ሰባት ደቂቃ ነበር፤ የተናገረችው በሙሉ ሁለቱ ሰዎች የሳቱት ነገር ነበር፤ ድምፅዋ ከመስታወቱ ጀርባ የሚመጣው ያው ድምፅ ነበር።

ብቻዋን ግን አልነበረችም። ከድንበሩ ግንብ ማዶ ጎረቤቷ ማላኪ ታንሲ አለ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣ አሥራ አንድ ከብቶች፣ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። በወጣትነቱ ከዳንስ ቡድን ጋር እየዞረ ድምፅ ማጉያ ያስተካክል ስለነበር ለዚህ ሥራ ጆሮ አለው። ረቡዕ ረቡዕ በጓሮ በር ገብቶ፣ ቆቡን ቤት በሚያሞቀው ራዲያተር ላይ ያሰጣና፣ ኮምፒውተሩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይከፍታል። ሳሏን ይቆርጣል፤ ትንፋሿን ያሳጥራል።

«እዚህ ጋ ስትተነፍሺ» ይላታል፣ «ላም እግሯን ከጭቃ ስትነቅል ነው የሚመስለው።»

«ላሞችህን ስለምትናፍቅ ነው። ቁረጠው።»

«ቆረጥኩት። የገበሬ ቤት ነው ብሎ ሰው እንዳይሸሽ።»

የጓሮ በር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በካሮሚን ቤተኛ የሚገባው በጓሮ በር ነው፤ አይንኳኳም፣ ገፍቶ መግባት ነው። የፊት በር ለሬሳ ሣጥን፣ ለቄስና አገሩን ለማያውቅ ሰው ነው። የአትራክታ የፊት በር ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቷ ሲወጡበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በተጠቀለለ ምንጣፍ ደፍናው ትኖራለች።

መንደሩ ፖድካስቱን አይሰማም። ይህን መንደሩ ራሱ ነው የሚናገረው። ዲምፕና ሎሃን፣ የሱቋ ባለቤት፣ ወተት ስትሰጠኝ እንዲህ ትለኛለች፦ «እኔ እንኳ ነገሩን አልሰማውም፤ ጊዜውስ የት አለ። ግን ለአትራክታ ንገሪያት፣ ባለፈው ክፍል አጋማሽ ላይ ግራጫ ያለችው የፍላነሪዎች ፈረስ ቡላ ነው።» ፖስተኛው አይሰማም፤ ግን አንድ ቀን አስቁሞ የ1847ቱ የረሃብ ዘመን የሾርባ ድስት የት እንደቆመ አረመኝ። ቄሱም አይሰሙም፤ ግን ስብከታቸው ላይ «አንዳንዶች በቅርቡ እንደተናገሩት» ማለት ጀምረው ነበር። አትራክታ የእርማቱን ዝርዝር በደብተር ትይዛለች። እንደ እሷ አባባል ይህ ከአድናቆት ይበልጣል፤ ያደነቀ ሰው መሃል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል።

በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ታሪኩ እየዘገየ መጣ።

መጀመሪያ ላይ በፈረስ ነበር የምትሄደው፤ ሁለት መቶ ዓመት በስድስት ክፍል ጨርሳለች። ረሃቡን በአሥር ክፍል። 1921 ላይ ስትደርስ ግን በእግሯ ሆነች፤ ከዚያ በጉልበቷ። ስለ ሰኔ ዝናብ አንድ ሙሉ ክፍል ሠራች። ተዋጊዎቹ ስለሚነዱት ብስክሌት ሁለት ክፍል፤ ሁለተኛው ስለ ጎማው ብቻ። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከእንግሊዝ ጋር የተኩስ ማቆም እንደሚጀምር የአገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ክፍል ሃምሳ ስምንት ሲያልቅ ለእኩለ ቀን አንድ ሰዓት ቀርቶ ነበር። ያን አንድ ሰዓት አምስት ክፍል አደረገችው። በአንደኛው ውስጥ አንዲት ሴት ዳቦ ጋግራ አወጣች፤ እስኪበርድ ጠበቅናት።

ሲረል ከፐርዝ ጻፈ፦ «ውድ ወይዘሪት ካሰርሊ፣ ሁሉንም እወደዋለሁ። 1922 መቼ ነው የሚገባው?»

ምክንያቱን ከዲምፕና ነው የሰማሁት፤ እሷም የነገረችኝ ሱቁን ዘግታ፣ እንቁላል የምትቆጥር መስላ ነው። እንግሊዝ ከወጣ በኋላ አብረው የተዋጉት ሰዎች ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን ስምምነት በተቀበሉና ባልተቀበሉ ተከፍለው እርስ በርስ ተገዳደሉ። ይህ በየመንደሩ ሆኗል፤ ካሮሚን ውስጥ ግን የሆነው ከአንድ ግንብ ግራና ቀኝ ነው። በ1923 የካቲት የአትራክታ አያት ወንድም ቶም ካሰርሊ ከቤቱ ተወስዶ ተረሸነ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የአዲሱን መንግሥት ወታደሮች ይዞ የመጣው ባርት ታንሲ፣ የማላኪ አያት ነበር።

«ታዲያ ተጣልተው ነው የኖሩት?» አልኳት።

«ኧረ ለምን ይጣላሉ? መሰላል ይዋዋሳሉ። መሰላሉ አሁን ራሱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ብቻ ያንን ነገር አላነሱትም።»

«መቶ ዓመት?»

«መቶ ዓመት ምን አላት። ማላኪ በዚያ በጓሮ በር አርባ ዓመት ሲገባ ሲወጣ፣ እሷም የሱን ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ‹አያትህ› የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ከወጣ ያ ሰው ተመልሶ እንዳይመጣ ትፈራለች። እና ከእሱ ሌላ ማን አላት? አንቺ እንደሆንሽ ተከራይ ነሽ፤ ትሄጃለሽ።»

ይህን ካወቅኩ በኋላ ቁምሳጥኑ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ ሌላ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። ያቺ ሴት ታሪክ እያወራች አልነበረም፤ አንዲት ቀትርን ሁለት እጆቿን ዘርግታ ይዛ፣ እንዳታልፍ ቆማ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በግጥም አላነበብኩም።

ጉዳዩን የጨረሰው ማላኪ ነው። አንድ ረቡዕ የጆሮ ማዳመጫውን ሳያወልቅ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ «አትራክታ» አለ፣ «እኩለ ቀን የሚሆነው መቼ ነው?»

አትራክታ በሶዳ የጋገረችውን ዳቦ እየቆረጠች ነበር። «በተራው ይሆናል።»

«ጉልበቴን በጥቅምት ኦፕራሲዮን ያደርጉኛል። በዚህ አካሄድሽ የተኩስ ማቆሙ ሳይደርስ የእኔ ጥቅምት ይደርሳል።»

«ማን ያዘህ?»

«አንቺ ነሽ የያዝሺኝ። ለአንዲት ዳቦ መብረድ ሃያ ስድስት ደቂቃ። እኔ ነኝ እኮ የቆረጥኩት፤ አርባ ነበር።» ማዳመጫውን አወለቀ። «ባርት ሞቷል። ቶምም ሞቷል። የቀረን እኛ ነን። ተናገሪውና እንገላገል።»

አትራክታ ቢላዋውን አላስቀመጠችም። ጀርባዋን ሰጥታው መቁረጧን ቀጠለች፤ የቆረጠችው ቁራጭ ግን ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ወፍራም ነበር። «እንግዲያው አብረኸኝ ትገባለህ» አለችው። «ቁምሳጥኑ ውስጥ። ከጀርባህ አልናገርም።»

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም ደረጃውን ወጡ። ማሞቂያው ጠፋ። ሁለተኛ በርጩማ ስላልነበረ ማላኪ የወተት ሣጥን ገለበጠ። ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ የጫማው ጫፍ ውጭ ቀረ። እኔ ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ያን የጫማ ጫፍ እያየሁ ሰማሁ።

አትራክታ ተኩስ ማቆሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈችው። ከዚያ ሁለቱን ልጆች አስገባች። ቶምና ባርት ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። በጦርነቱ ሦስት ዓመት በአንድ ብስክሌት ሄደዋል፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከፊት ብረቱ ላይ ጠመንጃውን አቅፎ ይቀመጣል። በ1923 የካቲት ግን አንዱ የአዲሱን መንግሥት አረንጓዴ የደንብ ልብስ ለበሰ፤ አንዱ በረት ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ተደበቀ። የአትራክታ አያት ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከድርቆሽ ማስቀመጫው ቀዳዳ አይተዋል። ቶምን ወደ ካሰርሊዎች ረጅም ማሳ ወሰዱት። ሰባት ሰዎች ተኮሱ። ሬሳው ሲመጣ ወታደሮች የፊት በሩ ላይ ቆመው ስለነበር ሣጥኑ በጓሮ በር ወጣ። ለለቅሶው ሻይ የፈላለት አልነበረም። ማንም ሰው አልመጣም፤ መምጣት ክልክል ነበር።

ጋኑ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኝ ነበር።

«ሁለተኛው ከግራ ነው» አለ የማላኪ ድምፅ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማይክሮፎኑ ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «ባርት። ከግራ ሁለተኛው። ለአባቴ የነገረው ይህን ብቻ ነው። ብስክሌቱ እኛ በረት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ኖረ። አትንኩት ያለን የለም፤ የነካውም የለም። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ቅዳሴ በእግሩ ነው የሄደው። መኪና ቆሞ ሲለምነው እንኳ አይሳፈርም ነበር።»

ከቁምሳጥኑ ሲወጡ ሁለቱም ፊታቸው በሙቀት ቀልቶ፣ ፀጉራቸው ላይ የፎጣ ብናኝ ተጣብቆ ነበር። ደረጃው ላይ አትራክታ ክንዱን ያዘችው፤ ጉልበቱን ደግፋ ነው ቢባልም ይቻላል። መቶ ዓመት ወርዶ ወጥ ቤት ገባና ሻይ ተቀዳ። ሰማይ ይሰነጠቃል ብዬ የጠበቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማላኪ ስኳሩን አማሰለ። «ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽው» አለ።

«አንተም።»

«አንዲት ነገር ብቻ።»

«እ?»

«‹የካሰርሊዎች ረጅም ማሳ› ብለሻል። እሱ ይስተካከል።»

አትራክታ ኩባያዋን አስቀመጠች። «ምኑ ነው የሚስተካከለው?»

«ማሳው የታንሲዎች ነው።»

«ረጅሙ ማሳ?»

«ረጅሙ ማሳ። ቅድመ አያቴ ለናንተ ላሞች አንድ ክረምት ብቻ ነው ያዋሳችሁ።»

«እና ያ ክረምት መቶ አሥር ዓመት ሆነው?»

«አልመለሳችሁማ።»

ያን ማሳ አውቀዋለሁ። ሄክታር አይሞላም፤ ቄጤማ ውጦታል፤ ላም ገብታበት የወጣችው በትራክተር ተስባ ነው። ሁለቱም ለምንም አይጠቀሙበትም። ከግንቡ ላይ ሲያዩት ግን፣ እንደ ገባኝ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ያዩ ነበር።

«ማላኪ ታንሲ» አለች፣ ድምፅዋ ከመስታወቱ ጀርባ ሄዶ፣ «አያትህ የአያቴን ወንድም ገደለ ስል አንገትህን ነቀነቅህ።»

«እሱ እውነት ነው። ይሄኛው ውሸት ነው።»

«ካርታ አለኝ።»

«ካርታውን የሣለው እንግሊዛዊ ነው፤ ራስሽ ነሽ በክፍል ዘጠኝ ያልሺው።»

ተነሣ። ቆቡን ጨበጠ። የጓሮ በሩ ከአትራክታ ጀርባ ነበር፤ በዚያ ለመውጣት እሷን ይቅርታ ብሎ ማለፍ ነበረበት። አላለም። ዞሮ በመተላለፊያው ወደ ፊት በሩ ሄደ።

ከአራት ዓመት በኋላ እኔም የመንደሩ ሰው ሆኜ ነበርና ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ እንግዳ ነኝ እያላት ነው። አትራክታም ገብቷታል። ጠረጴዛውን ያዘች። የፈራችው ቀን ደርሶ፣ ግን በማታውቀው መንገድ መጥቶ ነበር።

ማላኪ የተጠቀለለውን ምንጣፍ በእግሩ ገፋው፤ መቀርቀሪያውን ሳበ። በሩ አልነቃነቅ አለ። ዘጠኝ ክረምት ያበጠ እንጨት ነው። ደግሞ ሳበ።

«አይከፈትም» አለች አትራክታ፣ ከወጥ ቤቱ።

«ይከፈታል።»

«ወደ ላይ እያነሣህ ነው የሚሳበው።»

«እያነሣሁ ነው።»

«ጉልበትህን ትጎዳለህ፤ ቆይ።» መጣች። ታችኛውን እጀታ ያዘች። «ለእናቴ ጊዜ አራት ወንዶች ነበሩ። አንቺም ነይ እንጂ፣ ምን ቆመሻል?»

ሦስታችንም ሳብነው። ተቆጥቶ የሚወጣን ሰው እንዲወጣ መርዳት በሕይወቴ ያ ብቻ ነው። በሩ እንደ በሬ ጮኾ ተከፈተ፤ ብርሃኑ ገብቶ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ቅዱሳን አስደነገጣቸው።

«አመሰግናለሁ» አለ ማላኪ፣ ከልማድ። ከዚያ ማመስገኑ ራሱ አናደደው መሰለኝ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ሄደ። የከብት ገበያ ቀን ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ሁለት ጥጆች ጭኖ ሲሄድ ሰማን።

በሩ አልዘጋ አለ። በትከሻችን ገፋነው፤ በምጣድ መታነው። አትራክታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ተይው» አለች። «ሲደርቅ ይገባል።» ምን ሲደርቅ፣ በዚህ አገር።

ዲምፕና ሎሃን ረፋዱ ላይ በመኪና ስታልፍ የአትራክታን የፊት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አየች። ከዚህ በኋላ የሆነው ካሮሚን ውስጥ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው የእንቁላል ሳንድዊች ደረሰ። ቀጥሎ የፖም ኬክ፣ ቀጥሎ ከሰበካው አዳራሽ ሠላሳ ኩባያ፣ ቀጥሎ ጥቁር ክራባት ያሰሩ ሁለት ወንድማማቾች። መኪኖቹ እስከ መታጠፊያው ተደረደሩ። ዲምፕና አትራክታን አቅፋ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የኔ እናት» አለቻት፤ አትራክታ አፏን ከፍታ፣ ሳንድዊቹን አይታ፣ ዘጋችው። ሳንድዊች ይዞ የመጣን ሰው እዚህ አገር ተሳስተሃል አይሉትም።

የሞተው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉንም የሚያውቅ መንደር አላውቅም ብሎ ሊጠይቅ ነው? እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቅ መስሎት ተጠንቅቆ አጽናና።

«ብዙም አልተሰቃዩም አሉ» አለ አንዱ ክራባት።

«መገላገል ነው» አለ ሌላው። «ሰው አክባሪ ነበሩ።»

«በዱሮ ጊዜ እንደሆነ በጣም» አለ የመጀመሪያው፣ እና ኬክ ወሰደ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የጓሮ በሩ በኃይል ተበረገደ። ማላኪ ነበር። ከገበያ ሲመለስ መኪኖቹን አይቷል፤ በሩን አይቷል፤ ክራባቶቹን አይቷል። መኪናውን ሞተሩ እየሠራ፣ ያልተሸጡትን ጥጆች እንደጫነ፣ መሃል መንገድ ላይ ትቶ በዚያ ጉልበቱ ሮጧል። ፊቱ አመድ ሆኖ ነበር። አትራክታ ከቧንቧው ሥር ማንቆርቆሪያ እየሞላች ዞር አለች።

የበሩን ጉበን ይዞ ቆመ። «አለሽ» አለ።

«የት ልሂድ?»

«በሩ...»

«አልዘጋም አለ።»

«እኔ ደግሞ...» ቆቡን አወለቀ፤ እጁ ውስጥ አዞረው፤ የሚያስቀምጥበት የጠፋው ይመስል ነበር። አትራክታ ከእጁ ወስዳ ራዲያተሩ ላይ አሰጣችው።

«ሻይ?»

«ጥጆቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

«ይቆያሉ። መጀመሪያ ቁጭ በል፤ ወድቀህ ሌላ ሳንድዊች እንዳታስመጣብኝ።»

በዚህ መሃል ዲምፕና ባዶ ሳህን ይዛ ገባች። ወደ ማላኪ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ግን ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ፣ «እንደው ማላኪ» አለች፣ «ማን ነበር የሞተው?»

ማላኪ አትራክታን አየ። አትራክታ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ቶም ካሰርሊ» አለች።

ዲምፕና ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ሲለወጥ አየሁ። ፖድካስቱን የማትሰማ ሴት ናት፤ ቶም ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን አንድ ጊዜም አላሰበችም። ሳህኑን አስቀመጠች። መጀመሪያ የአትራክታን እጅ ጨበጠች፤ ከዚያ ዞራ የማላኪን።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ እዚያ ላሉት ስሙን ነገረች፤ ከዚያ በየተራ እየመጡ ሁለቱን ጨበጡ። ክራባቶቹም፤ ፖስተኛውም፤ ቄሱም፣ ምን ያህል እንደሰሙ ሳይናገሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ለቅሶ ተቀበሉ። ለቶም ሻይ ፈላለት። እኔ ኩባያ አጥቤ አጥቤ ጣቴ ተጨማደደ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በእንቁላል ሳንድዊች የተቀበረ ሰው ሌላ የት እንዳለ እያሰብኩ።

የመጨረሻዋ ሰው ዲምፕና ነበረች። ካፖርቷን እየለበሰች፣ «እንግዲህ እኔ አልሰማውም» አለች፣ «ግን ሐሙስ ክፍሉ ሲወጣ ሰው መጠየቁ አይቀርም። በማን ማሳ ነበር የገደሉት?»

ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበረው አየር ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሄደ። ማላኪ ጥጆቹን አስታወሰ። አትራክታ ማንቆርቆሪያውን ከፍታ አየችው።

«ቄጤማ ውስጥ» አለች።

«ቄጤማ ውስጥ» አለ ማላኪ።

ረቡዕ በጓሮ በር ገባ፤ በብብቱ የእንጨት መላጊያ ይዞ ነበር። መጀመሪያ የተቀዳውን ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ቆራረጠ፤ አትራክታ ጀርባዋን ሰጥታ ዳቦ ታቦካ ነበር፤ ምን ቆረጥህ አላለችውም። ከዚያ የፊት በሩን ከውስጥ ላገው። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ሲከመር አትራክታ ጠረገችው። በሩ ተዘጋ፤ ምንጣፉ ተመለሰ።

ሐሙስ በአውቶቡስ ስሄድ ክፍል ስድሳ አራትን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ባርት አለ፤ ብስክሌቱ አለ፤ ሁለተኛው ከግራ አለ። «ቶምን ወሰዱት» ትላለች አትራክታ፤ ከዚያ የማሳው ስም በነበረበት ግማሽ ሰከንድ የምታህል ባዶ ቦታ አለች፤ «ሰባት ሰዎች ተኮሱ» ትላለች። ያቺን ባዶ ደግሜ ደጋግሜ ሰማኋት። ማላኪ ትንፋሿን ሁልጊዜ ያሳጥራል፤ እዚያ ጋ ግን ትንሽ ትቶላት ነበር። ጋኑ ጠብ ሲል ይሰማል።

አንድም ሰው አልተቆጣም፤ የተጣላም የለም። ሲረል ከፐርዝ ሦስት ገጽ ጻፈ። አልቅሻለሁ አለ፤ ሱፉን ትቼ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ሰማሁት አለ። መጨረሻው ላይ ግን ቅድመ አያቱ ከካሮሚን ወደ አውስትራሊያ የሄዱት በአንድ ማሳ ተጣልተው እንደሆነ ቤተሰቡ ሲያወራ እንደሚያስታውስ ገልጾ፣ ረጅምና ቄጤማ የበዛበት መሆኑን ሰምቷልና፣ ወይዘሪት ካሰርሊ የማን እንደሆነ ታውቅ እንደሆን ጠየቀ።

አትራክታ ደብዳቤውን ለማላኪ አነበበችለት። ማላኪ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«የዚህ ሰው ቅድመ አያት ማን ይባላሉ?» አለ።

«አልጻፈም።»

«አትጠይቂው።»

«አልጠይቀውም» አለች አትራክታ፣ እና ደብዳቤውን ባትሪዎቹ ባሉበት የብርጭቆ ሳህን ውስጥ ከተተችው።